ከጠፈር ሲደወል መስመሩ ተይዞ ነበር

መጋቢት 10 ቀን 2006 ዓ.ም.

ክሪሚያ የምትባል፣ እስከ ዛሬ ስሟን ሰምቼ የማላውቃት ቦታ፣ ዛሬ እትዬ አልጋነሽ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ሰበረች።

እትዬ አልጋነሽ አከራዬ ናቸው። ሻይ ቤታቸውንና መኝታዬን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ ሳልፈልግም ሁሉን እሰማለሁ። (ደግሞ እፈልጋለሁ።) እዚያ በየማታው አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ጋሽ ሣህሌ ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እኔ ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ክፍላቸውን ከነጠመኔ ብናኙ ተረከብኩ። የዚሁ የካፋ ሰው፣ የደካ ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ካርኮቭ ተምረዋል፤ ያኔ ሶቭየት፣ ዛሬ ዩክሬን። ጋሽ ከፈለኝ ደግሞ በደርግ ጊዜ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ፤ የሠለጠኑት ክራስኖዳር ነው፣ ራሺያ። ሠራዊቱ ሲበተን የዚሁ አገር፣ የሺሺንዳ ልጅ የሆኑትን ሚስታቸውን ተከትለው መጡና አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰዳደቡት በሩሲያኛ ነው። ከነሱ ሌላ የሚሰማ ስለሌለ ከተማው እንደ ጨዋ ሰዎች ያያቸዋል።

ዛሬ ግን በአማርኛ ተሰዳደቡ። ራሺያ ክሪሚያን ጠቅልላ መውሰዷን ሬዲዮው ተናገረ።

«ድሮም የራሺያ ነበረች» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

«ድሮ አንተም ፀጉር ነበረህ» አሉ ጋሽ ሣህሌ። «ሂድና አስመልስ።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደገፋ አላየሁም፤ የብርጭቆውን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። እትዬ አልጋነሽ መጥረጊያ ይዘው ወጡና «ክሪሚያ የማን እንደሆነች አላውቅም፤ ብርጭቆው ግን የኔ ነው» አሉ።

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ፤ ሁለቱም ያስፈልጉኛል። ትምህርት ቤቶችን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ካሉ ሰዎች ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም አለ፤ የሳይንስ ክበባችን ተመዝግቦ ተቀብለውናል። ከቦንጋ በስልክ ወደ ጣሊያን፣ ከጣሊያን በሬዲዮ ወደ ሰማይ። ጣቢያው አልፎ እስኪሄድ አሥር ደቂቃ ያህል እናወራለን። ጋሽ ሣህሌ ልጆቹን ያዘጋጃሉ፤ ጋሽ ከፈለኝ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኛሉ።

ለዝውውር ብዬ አይደለም ይህን የማደርገው። የዝውውር ማመልከቻው ላይ «ልዩ አስተዋጽኦ» የሚል ሰፊ ክፍት ቦታ መኖሩን ያየሁት በአጋጣሚ ነው።


መጋቢት 17

ጋሽ ሣህሌ፦ «እሱ ካለ እኔ የለሁም።» ጋሽ ከፈለኝ፦ «እሱ ካለ እኔ የለሁም።» ስንት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው።

ስለዚህ ከፈልኳቸው። የጣቢያውን የካርቶን ሞዴል የአሜሪካን ግማሽ ጋሽ ሣህሌ ሰኞና ረቡዕ፣ የራሺያን ግማሽ ጋሽ ከፈለኝ ማክሰኞና ሐሙስ ከልጆቹ ጋር ይሠራሉ። አርብ እኔ ራስ ምታቴን አስታምማለሁ።


መጋቢት 26

የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ከራሺያ መንግሥት ጋር ያለውን ግንኙነት አቁሟል። ከጣቢያው በስተቀር። ይህን «በስተቀር» ሬዲዮው ላይ ስሰማ ቁጭ ብዬ የነበርኩት ሴትዮ ተነስቼ ቆምኩ።

ክፍል ስገባ ልጆቹ ሰምተው ጠበቁኝ። ወንጌላዊት ነች የጀመረችው፤ አሥረኛ ክፍል ናት፣ የክበቡ ሊቀመንበር፤ መጽሐፉ ውስጥ መልስ የሌለው ጥያቄ እየፈለገች የምትጠይቅ ልጅ።

«ቲቸር፣ አሜሪካኖቹ አሁን የራሳቸው መንኮራኩር የላቸውም አይደል?»

«የላቸውም። በራሺያ ሮኬት ነው የሚሄዱት።»

«ራሺያ አልመልስም ብትልስ?»

ከኋላ አንዱ «ባጃጁ የራሺያ ነው» አለ። የጋሽ ከፈለኝ ቃል መሆኑ ያስታውቃል።

ጣቢያውን ከሁለት አንዱ ብቻውን ሊያኖረው እንደማይችል አስረዳኋቸው። እንዳይወድቅ የሚገፋው ሞተር ያለው በራሺያ በኩል፣ አብዛኛው መብራት የሚመጣው በአሜሪካ በኩል ነው። የአንዱን ላብና ሽንት ሳይቀር አጣርቶ ውኃ የሚያደርግ ማሽን እንዳለ ስነግራቸው ክፍሉ ተገለበጠ፤ ለትንሽ ጊዜ ፖለቲካውን ረሱት።

ወንጌላዊት አልረሳችም። «እና ቢጣሉ ከቤት የሚወጣው ማነው?» አለች።

ደወሉ ተደወለ፤ አዳነኝ።


መጋቢት 30

በጥድፊያ። ጋሽ ሣህሌ ዛሬም የዳይሬክተሩ ቢሮ ስልክ ላይ። ለፕሮግራሙ የምንጠቀመው ያንኑ መስመር ነው፤ ልፈትሽ ስሄድ ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ረጅም ቁጥር ይደውላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይዘጋሉ። ደግመው ይደውላሉ። «መስመሩን እየፈተሽኩልሽ ነው» አሉኝ። ደግ ናቸው። ግን አበዙት።

ከስተዋል። ሁዳዴ በርትቶባቸው ይሆናል።


ሚያዝያ 9

ሁለቱን ግማሾች ዛሬ አገናኘን። አይገናኙም። ጋሽ ሣህሌ በመጽሐፉ ልኬት ሠሩ፤ ጋሽ ከፈለኝ በዓይናቸው። የራሺያው ቱቦ የአሜሪካውን በር ሁለት ጊዜ ያህላል። ልጆቹ በፕላስተር ጠቀለሉትና አሁን እግሩ የተሰበረ ሰው ይመስላል።

ጣሊያናዊው አስተባባሪ ኢሜይል ጻፈልኝ፤ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አነበብኩት። «የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ለጊዜው አልተነካም» ይላል። ለጊዜው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ አንድ አንድ ቃል እየወረወሩልኝ እንቅልፍ ነሱኝ።


ሚያዝያ 13

የፋሲካ ማግስት። እትዬ አልጋነሽ ጋሽ ሣህሌን ዶሮ ወጥ ጋበዟቸው፤ እኔም ነበርኩ። አንድ ጉርሻ በልተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ከፈለኝ በድሮው ሰዓታቸው ብቅ አሉና ሲያይዋቸው ከደጅ ተመለሱ።

«አፀደ» አሉኝ ጋሽ ሣህሌ፣ «ከተማ ውስጥ የስልክ ምሰሶ ቢወድቅ ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ጋሽ ሣህሌ፣ በፋሲካም ስለ ስልክ?»

«ልጄ ዶኔትስክ ናት፣ ዩክሬን» አሉ።

ልጅ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ካርኮቭ ካገቧት ሚስታቸው የወለዷት ናት፣ እናትየዋ ሞታለች። ውጭ አገር ልጅ ያለው ሰው የታደለ ነው አልኳቸው፤ ከዚያም ስለ ማይክሮፎኑ ማስቀመጫ ነገርኳቸው። ጋሽ ከፈለኝ የሠሩት ማስቀመጫ ይወዛወዛል። በትዕግሥት አዳመጡኝ።


ሚያዝያ 22

ቀን ተቆረጠልን፤ ግንቦት 19። አቶ ዓለሙ፣ ዳይሬክተራችን (በፊቱ አንቱ፣ እዚህ አንተ)፣ ደስ ብሎት ከዞን እንግዳ ጠራ። እንግዳው አቶ አምባው ይባላሉ። ያወጣናቸውን ጥያቄዎች ሊያዩ መጡ።

«ግንቦት 19 ነው የሚለው?» አሉ። «ግንቦት 20 በዓላችን ነው። በአንድ ቀን ማዘግየት አይቻልም?»

«ጣቢያው መንገዱን አይቀይርም። ምድርን በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ይዞራል» አልኳቸው።

«አሥራ ስድስት ጊዜ የሚዞር ከሆነ አንዱን ለኛ ቢያደርጉት ምን ይጎድልባቸዋል?»

አቶ ዓለሙ ማስታወሻ ያዘ። እውነት ነው፣ ያዘ።

ከዚያ ወደ ጥያቄዎቹ። «ጥርሳችሁን እንዴት ትቦርሻላችሁ» አለፈ። ወንጌላዊት «አገሮቻችሁ ታች ሲጣሉ ላይ እናንተ እራት አብራችሁ ትበላላችሁ?» ብላ ነበር። አቶ ዓለሙ ብዕሩን አወጣ። «ሁለቱም የልማት አጋሮቻችን ናቸው። አንዱ ቢቀየምስ?» ሰረዘው። በምትኩ አቶ አምባው አንድ አስገቡ፦ የህዳሴ ግድባችን ከላይ ይታያል ወይ?

ወንጌላዊትን ውጭ አገኘኋት። «ስለ እራት ነው እኮ የጠየቅኩት» አለች። ልከራከርላት እችል ነበር። አቶ ዓለሙ የዝውውር ማመልከቻዬ ላይ ፊርማ ስለሚያሳርፍ አይደለም ዝም ያልኩት።


ግንቦት 1

የዳይሬክተሩ ቢሮ ስልክ የሚቀመጥበትን ሳጥን ቆለፍኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። መስመሩ አንድ ጊዜ ቢበላሽ የሁለት ወር ልፋት ገደል ይገባል፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ይነካካዋል። ሰው ሁሉ ማለቴ ጋሽ ሣህሌ ናቸው።

መጡ። ሳጥኑን አዩት። «ግድ የለም፣ ልጄ» አሉኝና ወጡ። ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላ አልያዙም። ቢሮው መስኮት ላይ ቆሜ እስከ አስፋልቱ አየኋቸው፤ ባጃጅ ቆሞላቸው አልገቡም።

መስመሩ ጤናማ ነው። ሦስቴ ፈተሽኩት።


ግንቦት 6

ራሺያ ከስድስት ዓመት በኋላ በጣቢያው መቀጠል አልፈልግም አለች። አንድ ባለሥልጣን አሜሪካኖች ወደ ጠፈር መሄጃ ሌላ ዘዴ ይፈልጉ እያለ ቀልዷል። ጣሊያናዊው እንዲህ ጻፈ፦ «የናንተ ቀን እንዳለ ነው። ግን ለልጆቹ እርግጥ ነው አትበያቸው።» እኔ ለልጆቹ ብቻ አይደለም፣ ለከተማው በሙሉ እርግጥ ነው ብያለሁ። ባነር አሠርተናል።

ወደ ጋሽ ከፈለኝ ሱቅ ሄድኩ። ባጃጁ የኛ ነው እያሉ የሚፎክሩ መስሎኝ ነበር። የተፈታ ቴሌቪዥን ፊት አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ሣህሌ ምን ወሬ አለው?»

«ስለ ጠፈሩ?»

«ስለ ጠፈሩ አይደለም።» አዩኝ። «አልነገረሽም? ልጁ ዝማሬ እዚያው ናት እኮ፣ የሚዋጉበት ከተማ። ነርስ ናት፣ ትንሽ ልጅ አላት። ስልኳ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አንዴ ይሠራል አሥር ጊዜ አይሠራም።»

«ነግረውኛል» አልኩ። እውነት ነው፤ ነግረውኛል።

«ታዲያ ለምን አይሄዱም፣ ለምን አይጠይቋቸውም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ከተማዋን የሚያምሱት እነማን እንደሆኑ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ድሮም የኛ ነበረች ልበለው?»

በቀጥታ ወደ ጋሽ ሣህሌ ቤት። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ይቅርታ ልል አስቤ የወጣልኝ «ሳጥኑ ትንሽ ይጠብቃል፣ ወደ ላይ ገፋ አድርገው ይክፈቱት» የሚል ነበር። የትምህርት ቤቱን ቁጥር ለዝማሬ እንደሰጧት ነገሩኝ። ሞባይላቸው ከውጭ ሲደወል አይገባለትም።

ስለ ማይክሮፎን ማስቀመጫ። በፋሲካ። ደደብ።


ግንቦት 18

ወንበር መቶ ሃያ ጎደለ። ከቤተ ክርስቲያን ተለመነ። ገመዱ ከቢሮ እስከ አዳራሽ ተዘረጋ፣ ጋሽ ከፈለኝ ሠሩት፣ ድምፁ ጥሩ ነው። ሬዲዮው ዶኔትስክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከባድ ውጊያ አለ ይላል። ጋሽ ሣህሌ ለልምምድ አልመጡም። መብራት ሄደ፣ መጣ። ነገ አይሂድ።


ግንቦት 19

ሁሉንም በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፤ ነገ እኔም እንዳላምነው እፈራለሁ።

አዳራሹ ሞላ። ከፊት እንግዶቹ፣ ከነሱ ኋላ መምህራን፣ ከዚያ ተማሪው፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ የተንጠለጠለው ሁሉ። ጋሽ ሣህሌ መጡ፤ ኮት ለብሰው ከክበቡ ልጆች ጋር ተቀመጡ። ጋሽ ከፈለኝ መድረኩ ጥግ ከማጉያቸው ጋር። ጣሊያናዊው፣ ጣቢያው ከመድረሱ በፊት ቀደም ብዬ ደውዬ መስመሩን እይዛለሁ ብሎኛል። ስልኩ ተንጫረረ። አነሳሁት፣ ጋሽ ከፈለኝ ማጉያውን ከፈቱ፣ የሸመደድኩትን የእንግሊዝኛ ሰላምታ ልጀምር አፌን ከፈትኩ።

«ፓፓ?» አለ ስፒከሩ።

የሴት ድምፅ። ከዚያ ጥድፍ ያለ ሩሲያኛ፣ ከኋላው የሚያጓራ ነገር። አዳራሹ በጭብጨባ ፈነዳ። ከጠፈር የመጣ ድምፅ ነዋ።

ጋሽ ሣህሌ ተነስተው በወንበሮቹ መሐል መጡ። ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። በሩሲያኛ አንድ ነገር ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

የስልኩ ገመድ መሰኪያ ከእግሬ አጠገብ ነበር። አንዴ ብነቅለው መስመሩ ነፃ ይሆናል፣ ጣሊያናዊው ይደውላል፣ ልጆቹ ያወራሉ። አቶ ዓለሙ በዓይኑ «ምንድነው?» ይለኛል። አልነቀልኩትም። ጀግንነት አይደለም። እጄ እምቢ አለኝ፣ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

«ራሺያዊቷ ናት?» አሉ አቶ አምባው። «ምን አለች?»

ከመጋቢት ጀምሮ ከጋሽ ሣህሌ ጋር ቃል ያልተለዋወጡት ጋሽ ከፈለኝ ሁለተኛውን ማይክሮፎን አነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንኳን አደረሳችሁ ትላለች» አሉ።

ጭብጨባ።

እሷ ያለችውን የሰማሁት ማታ ከጋሽ ከፈለኝ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሲደበደብ አድሯል፤ የቤቷ መስታወት ረግፏል፤ ከልጇ ጋር ምድር ቤት ናት፤ ስልኩ የጎረቤት ነው።

«ይህ ጫጫታ ምንድነው?» አሉ አቶ አምባው።

«ጥገና ላይ ናቸው።»

ውሻ ጮኸ። በጣም ግልጽ፣ አንድ ሁለት ጊዜ። አቶ አምባው ዞር አሉ።

«ራሺያ ውሻ ወደ ጠፈር መላክ የጀመረችው ጥንት ነው» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

አቶ አምባው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያውቁት እንደነበር ሰው። የመጀመሪያው ተማሪ እንዲጠይቅ ምልክት ሰጡ። ልጁ የግድቡን ጥያቄ እንደ ግጥም አነበነበው። ጋሽ ከፈለኝ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው በጋሽ ሣህሌ ትከሻ ላይ በሩሲያኛ ብዙ ተናገሩ። ለግድብ ብዙ ነው። «ሮስቶቭ» የሚል ሰማሁ፣ «ክራስኖዳር» የሚል ሰማሁ፤ ሁለቱም የራሺያ ከተሞች ናቸው። ጋሽ ሣህሌ ዞረው «ኒየት» አሉ። ያችን እኔም አውቃለሁ፤ አይሆንም ማለት ናት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ባነር ሥር፣ ስልክ መሐላቸው አድርገው ተጨቃጨቁ። ልጅቷ ስፒከሩ ውስጥ ታለቅሳለች። አንዳንድ እንግዶች ፈገግ ብለው የውጭ ቋንቋ ያዳምጣሉ።

ጋሽ ሣህሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አድራሻውን ንገራት» አሉ በአማርኛ፤ ከኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም።

ጋሽ ከፈለኝ ቀስ እያሉ፣ እየደጋገሙ ነገሯት። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞሩ።

«ይታያል። በጣም ያምራል ትላለች።»

ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። አቶ ዓለሙ እንባ የተናነቀው መሰለኝ።

የወንጌላዊት ተራ ደረሰ። የተፈቀደላት የጥርስ ቡሩሹ ጥያቄ ነበር። ወረቀቷን አጠፈችው። ጋሽ ሣህሌን አየቻቸው፣ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እራት በልታችኋል?» አለች።

ጋሽ ከፈለኝ ተረጎሙት። ይህን በትክክል ተረጎሙት። ከስፒከሩ አጭር መልስ መጣ።

«ልጁ በልቷል። እሷ ትናንት ጠዋት» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

«የምን ልጅ?» አሉ አቶ አምባው።

«ታናሽየው ሠራተኛ።»

«ምግብ አይደርሳቸውም እንዴ?»

«መኪናው ዘግይቶባቸዋል።»

መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ሣህሌ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ፤ ጋሽ ከፈለኝ ናቸው ቀስ ብለው የተቀበሏቸው። ሲያስቀምጡት ወዲያው ጮኸ። ጣሊያናዊው ነበር። «ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል ይለኛል» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አለፈ። በላያችሁ አለፈ።» ማጉያውን ዘግተነዋል፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።


ግንቦት 20

የበዓሉ ንግግር፦ «ትናንት ዞናችን ከጠፈር ጋር ተነጋግሯል።» ጋሽ ከፈለኝ ለትርጉም ሥራቸው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። «ከአየር ኃይል ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ በጆሮዬ፣ «ያውም ለውሸት።»

ከዝማሬ ወሬ የለም።


ግንቦት 25

ክበቡን ሰብስቤ እውነቱን ነገርኳቸው። ማንም አልደነገጠም።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ጣቢያው ውስጥ የነበሩት ሦስቱም ወንዶች ናቸው እኮ» አለች ወንጌላዊት።

ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ የለጠፉት ራሳቸው ናቸው። ማን ለማን እንደነገረ አልጠየቅኩም፤ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ ሃያ ልጆች አፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አልተቀየማችሁም?»

«እኔ ተቀይሜያለሁ» አለች። «እሳቸውን አይደለም። ግን ከጠፈር ጋር ማውራት ፈልጌ ነበር።»

ሌላ ቀን እንዲሰጡን ለጣሊያናዊው ጽፌ ነበር፤ መልሱ ዛሬ መጣ። የጣቢያው ነገር ሁሉ አሁን እየተጠና ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ምናልባት፣ ትብብሩ ካለ። ለወንጌላዊት አነበብኩላት። ሳላለሰልስ። «ቢጣሉ ከቤት የሚወጣው ማነው ብዬ ነበር» አለች። «እኛ ነን።»

አቶ ዓለሙ የዝውውር ማመልከቻዬን አምጪ፣ ይህን ስኬት ጻፊበት አለኝ። ክፍት ቦታውን ባዶ አድርጌ ሰጠሁት። ብዕሬ ቀለም ጨርሶ ነበር እንበል።


ግንቦት 29

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጋሽ ሣህሌ የክፍሌ በር ላይ ቆሙ፤ ከላይ እስከ ታች ረጥበዋል።

«ደረሰች» አሉ። «ልጁም።»

ክራስኖዳር፣ የጋሽ ከፈለኝ የድሮ አስተማሪ ሚስት ቤት። ጋሊና ይሏቸዋል፤ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ናቸው። ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏት፣ ሾርባ ይዘው።

ጋሽ ሣህሌን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ተማሪዎቼን ለምን እንደተውኩ ነገ አስባለሁ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ጋሽ ከፈለኝ ብየዳውን አስቀመጡ።

«ክሪሚያ ግን የዩክሬን ናት» አሉ ጋሽ ሣህሌ።

«ቁጭ በል» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።


ሰኔ 7

ቅዳሜ ገበያ። ጋሽ ሣህሌ ማር እንድንገዛ ይዘውኝ ሄዱ፤ ለጋሊና ነው። በአዲስ አበባ በኩል ራሺያ የሚሄድ ሰው ጋሽ ከፈለኝ አግኝተዋል። ነጩን ቀመሱ፣ ቀዩን ቀመሱ፣ እንደገና ነጩን ቀመሱ። ሻጯ በካፊኛ አንድ ነገር ጣል አደረገችባቸው፤ ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቷል።

ዳገቱን ስንወጣ አረፍ አልን። ዝማሬ ሆስፒታል ሥራ እየጠየቀች መሆኗን፣ ልጇ ከጋሊና ድመት ጋር መጣላቱን ነገሩኝ። ከዚያ ማሩን እግራቸው መሐል አስቀመጡ።

«የጋሊና ልጅ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው» አሉ። «ልጃቸው ቤት የለም።»

«የት ነው?»

«በፈቃዱ ዘምቷል። ዶኔትስክ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ነበር አሉ።»

«ዝማሬ ታውቃለች?»

«ፎቶው ትራሷ በላይ ተሰቅሏል፤ እንዴት አታውቅም። ጋሊናም እሷ ከየት እንደመጣች ያውቃሉ። ሁለቱ ማታ ማታ ዜናውን ዘግተው ሻይ ይጠጣሉ አለችኝ።» መሬቱን በጫማቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ። «ጠዋት ኪዳን ሳደርስ የዝማሬን ስም እጠራለሁ። ከሷ ቀጥሎ እሱንም መጥራት ጀምሬያለሁ። በደህና እንዲመለስ። ለከፈለኝ እንዳትነግሪው፣ ይኮራብኛል።»

አንድ ባጃጅ እያጓራ ዳገቱን ወጣ።

«ከተመለሰ ግን» አልኳቸው፣ «እሷ የት ልትተኛ ነው?»

ማሩን አንስተው ቆሙ።

«መሬት ላይ» አሉ። «እሱ ይምጣ እንጂ፣ መሬት ላይ ትተኛለች።»